«አልኮል» ማለት «ሥጋ በሊታ መንፈስ» ማለት ነውን? የቃሉ ትርጉምና አመጣጥ

ጠያቂ፣ ከቱሉ ዲምቱ

ለመድረኩ አባላት የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የሰፈራችን እድር የወጣቶች ኮሚቴ ስለ መጠጥ ጉዳት የሚያስረዳ አንድ ገጽ ጽሑፍ አሳትሞ በየኮንዶሚኒየሙ ሕንፃ መግቢያ ላይ ሊለጥፍ ተዘጋጅቷል። ረቂቁን እንዳርመው ተሰጥቶኝ ሳነብ፣ ከሁሉ በላይ በደማቁ የሰፈረው ዓረፍተ ነገር «አልኮል ማለት በዓረብኛ ሥጋ በሊታ መንፈስ ማለት ነው፤ ፈረንጆችም ጠንካራ መጠጥን መንፈስ እያሉ የሚጠሩት ስለዚህ ነው» የሚል ሆኖ አገኘሁት። ይኸው አባባል በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲዘዋወር ብዙዎቻችሁ ሳታዩት አትቀሩም።

ልጆቹ በቅን ልቡና የጻፉት ስለ ሆነ ያለ ማስረጃ ልሰርዝባቸው አልፈለግሁም፤ ሳላረጋግጥ እንዲለጠፍ መፍቀዱም ከበደኝ። በሰፈራችን ዓረብኛ አቀላጥፎ የሚናገር፣ ግእዝ የቆጠረ፣ በገላን ፋብሪካዎች በኬሚስትነት የሚያገለግል ሰው ሞልቷል፤ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ስሕተት ሆኖ ቢገኝ ከሥሩ ያለው ትክክለኛ ምክር ሁሉ መሳለቂያ ይሆናል። ስለዚህ የቃሉን እውነተኛ ትርጉም የምታውቁ እንድታስረዱኝ እለምናለሁ። ቁስል የሚጠረግበትም፣ በብርጭቆ የሚጠጣውም፣ ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀለውም በአንድ ስም የሚጠራበትን ምክንያት ብትጨምሩልኝ ደግሞ ደስ ይለኛል።

የቃላት ወዳጅ፣ ከሱሉልታ

ወንድሜ፣ ከመለጠፉ በፊት መጠየቅዎ ተገቢ ነው። አባባሉ ስሕተት ነው። «አልኮል» ከዓረብኛው «አል-ኩሕል» የመጣ ቃል ነው። «አል» በዓረብኛ ከስም ፊት የሚገባው መስተአምር ሲሆን «ኩሕል» የሚለው ደግሞ እኛ ራሳችን ኩል የምንለው፣ ዓይን የሚኳሉበት ጥቁር ዱቄት ነው። ስለዚህ ቃሉ መንፈስም ሥጋም በውስጡ የለበትም።

ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ነገሩ ከሌላው ሰው ይልቅ ሊቀርበን ይገባ ነበር እላለሁ፤ የቃሉ ዘመድ በየቤታችን አለና። በግእዝ ስሙ «ኵሕል» ነው። «ሰምዐ» በአማርኛ «ሰማ»፣ «በልዐ» «በላ»፣ «ላህም» «ላም» እንደ ሆነው ሁሉ የጉሮሮው ድምፅ በአማርኛ ጠፍቶ «ኩል» ሆነ። ከእርሱ «ኳለ»ና «ተኳለ» የሚሉት ግሦች አሉ፤ ግሡ ሲደጋገም «ተኳኳለ» ይላል፤ ዛሬ ማናቸውም የፊት ማስዋቢያ የሚጠራበት «መኳኳያ» የሚለው ስም የተገኘው ከዚሁ ነው። ዕብራይስጡም «ካሐል» የሚል ግሥ አለው። በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 3 ቁጥር 18 ለሎዶቅያ ቤተ ክርስቲያን ዓይኗን እንድትኳል የሚመክረውን ቃል የሚያስታውስ ሰው፣ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ኩል» የሚለውን ያገኘዋል። እንግዲህ ኩልና አልኮል የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ አንደኛው ከቤቱ ሳይወጣ ቀረ፣ ሁለተኛው በአውሮፓ ዞሮ በሌላ ልብስ ተመለሰ።

ኩል ከድንጋይ የሚገኝ ነው። ጥንት ለዚህ የሚያገለግሉት በተለይ የአንቲሞኒና የእርሳስ ማዕድናት ነበሩ። ድንጋዩ ተፈጭቶ፣ ደግሞም ተልሞ፣ በስስ ጨርቅ ተነፍቶ ጣት ላይ ሲያሹት እስከማይሻክር ድረስ ይደቅቃል፤ የቀረ ሻካራ ነገር ካለበት ዓይን ያቆስላልና። የላቲን ጸሐፍት የዓረቦችን የሕክምናና የኬሚያ መጻሕፍት ሲተረጉሙ ቃሉን ከነመስተአምሩ ወሰዱት፤ «አልጀብራ»ንም የወሰዱት እንዲሁ ነው። እነርሱ ልብ ያሉት የዓይኑን ጌጥ ሳይሆን የዱቄቱን ልመት ነበር። በመሆኑም «አልኮል» ከማናቸውም ነገር የተዘጋጀ እጅግ የላመ ዱቄት መጠሪያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1543 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ የወጣ አንድ የቀዶ ሕክምና መጽሐፍ ቃሉን የፈታው በዚሁ በላመ ዱቄት ነው። የዚያ ዘመን መድኃኒት ቀማሚ የብረት «አልኮል» አዘጋጀ ቢባል ብረት አልሞ ፈጨ ማለት እንጂ የሚጠጣ ነገር ጠመቀ ማለት አልነበረም።

ስፓኝኛ ይህን የድሮ ትርጉም ይዞ ቆይቷል። በዚያ ቋንቋ «አልኮኦላር» የሚለው ግሥ አንዱ ፍቺው ዓይን መኳል ነው፤ ሸክላ ሠሪዎች ዕቃቸውን የሚያብለጨልጩበት የእርሳስ ማዕድንም «የሸክላ ሠሪ አልኮል» ይባል ነበር።

ነዋሪ፣ ከቡራዩ

ለሰጡት ማብራሪያ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን ጉዳዩ በዚህ የሚያልቅ አይመስለኝም። በቅዱስ ቁርአን ሱረቱ አስ-ሷፍፋት አንቀጽ 47 ላይ ስለ ጀነት መጠጥ ሲነገር «ገውል» የለበትም ተብሏል። ሙፈሲሮች ይህን ቃል ራስን የሚያዞር፣ አእምሮን የሚወስድ፣ ሆድን የሚያውክ ጉዳት ብለው ተርጉመውታል። ከዚሁ ሥር የሚወጣው «ጉል» ደግሞ በበረሃ መንገደኛ እያሳሳተ የሚበላ ፍጡር ስም ነው። እንግዲህ አውሮፓውያን «አል-ገውል» የሚለውን ሰምተው «አልኮል» ብለውት ቢሆንስ? በትርጉም ደረጃ ከዓይን ኩል ይልቅ ለመጠጥ የሚቀርበው ይህ ነው። በበኩሌ የወጣቶቹ ጽሑፍ ከባዶ የመጣ አይመስለኝም።

የቃላት ወዳጅ፣ ከሱሉልታ

ወንድሜ፣ ስለ አንቀጹም ስለ ቃሉ ፍቺም የጻፉት ትክክል ነው፤ የወጣቶቹ አባባል መነሻም ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ሆኖም ትርጉሙ ስለ ገጠመ ብቻ ቃልን ከቃል ማዛመድ አያስተማምንም፤ የተጻፈበትን ዘመንና የተሰጠውን ፍቺ መከተል ይሻላል። ቃሉ መጀመሪያ በላቲን መጻሕፍት ሲገባ ስለ መጠጥ የተጻፈ ቢሆን ኖሮ የእርስዎ ግምት ሚዛን ይደፋ ነበር። ይሁን እንጂ ቀድሞ የሚገኘው ዱቄት ማለቱ ነው፤ ወይን ጋር የተያያዘው ከዚያ በኋላ ነው። ከ«ገውል» ቢመጣ ኖሮ ሰዎቹ ያን ሁሉ ዘመን የብረትና የማዕድን ዱቄት በዚህ ስም የሚጠሩበት ምክንያት አይኖርም።

ሁለተኛው ማስረጃ ድምፁ ነው። «ገውል» የሚጀምረው «ገይን» በሚባለው ፊደል ሲሆን «ኩሕል» የሚጀምረው በ«ካፍ» ነው፤ ዓረብኛ ለሚያነብ ሰው ሁለቱ የሚምታቱ አይደሉም። «አል-ጉል» ወደ አውሮፓ ሲሻገር ምን መልክ እንደሚይዝ ደግሞ በሰማይ ላይ ተጽፎልናል። ፐርሲየስ በሚባለው የከዋክብት ክምችት ውስጥ ብርሃኑ በየሦስት ቀኑ ገደማ እየደበዘዘ የሚመለስ ኮከብ አለ፤ ዓረቦች «ራስ አል-ጉል» ያሉትን አውሮፓውያን ተቀብለው «አልጎል» አሉት። «ገ»ው «ገ» ሆኖ ቀረ እንጂ ወደ «ከ» አልተለወጠም።

አንድ ነገር ልጨምር። የጥንቱ ዓረብኛ አስካሪ መጠጥን «ኸምር» ይለዋል፤ ክልከላውም የመጣው በዚህ ስም ነው። ዛሬ ዓረቦች «ኩሑል» ሲሉ የሚጠሩት የአልኮል ስም ከአውሮፓ ተመልሶ የገባ አዲስ ትርጉም ነው።

ነዋሪ፣ ከቡራዩ

የኮከቡን ነገር አላውቅም ነበር። በዚህ ተረትቻለሁ ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ፈረንጆቹ «መንፈስ» የሚሉት መጠጡን ለምን ይሆን? እርሱ ገና አልተመለሰም።

መምህር፣ ከገላን

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ስለማስተምር የመንፈሱን ጥያቄ እኔ ልውሰደው። በላቲን «ስፒሪቱስ» ትንፋሽ፣ እስትንፋስ ማለት ነው። የጥንት ኬሚያ ጠቢባን አንድ ነገር በእሳት ሲሞቅ የሚያወጣውን እንፋሎት፣ ቀዝቅዞ ወደ ፈሳሽ ሲመለስ የሚገኘውንም ሁሉ በዚህ ስም ጠሩት። ወይን ሲሞቅ የሚወጣው «የወይን ስፒሪቱስ» ተባለ፤ ከገበታ ጨው የተገኘው አሲድም፣ ዛሬ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የምንለው፣ «የጨው ስፒሪት» ይባል ነበር። ስሙ አጋንንትን የሚመለከት ቢሆን ኖሮ የጨው ጋኔን እንዴት ሊኖር ይችላል? እንዲያውም ከወይን የወጣውን ፈሳሽ በላቲን «አኳ ቪቴ» ማለትም የሕይወት ውሃ ይሉት ነበር፤ «ውስኪ» የሚለው ስም ይህንኑ በጌሊክ ቋንቋ ከሚል ሐረግ የመጣ ነው። ለመጠጡ የሰጡት ክብር ከልክ ያለፈ ነበር፤ ያም ሆኖ የቃሉ ታሪክ እንዲህ ነው።

ዱቄት የነበረው ስም ወደ ወይን የተላለፈበት መንገድ ከሁሉ ይልቅ እኔን ይማርከኛል። ከወይን አልኮልን በእሳት ማውጣት በኢጣሊያ ሳሌርኖ በ12ኛው መቶ ዓመት ይታወቅ ነበር፤ ያኔ ግን «የሚነድ ውሃ» እንጂ አልኮል አልተባለም። በ16ኛው መቶ ዓመት የስዊዘርላንዱ ሐኪም ፓራሴልሰስ «አልኮል ቪኒ» አለው፤ የወይን አልኮል ማለቱ ነው። ድንጋይ እየተፈጨና እየተነፋ ከሻካራው ተለይቶ የጠራው እንደሚቀር፣ ወይንም በእሳት ውሃውና አተላው ተለይቶለት ጥሩው ይወጣል። ስሙ ከዱቄትነት ወጥቶ ከቆሻሻው ሁሉ ተለይቶ የጠራ ነገር የሚል መልክ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1657 የወጣ አንድ የኬሚያ መዝገበ ቃላት «አልኮል ቪኒ»ን ሲፈታ፣ ትርፉ ሁሉ የተለየለት፣ ሲለኩሱትም ሙሉ በሙሉ እስኪያልቅ የሚነድና ከሥሩ ምንም አተላ የማይተው ነው ይላል። ከዚያ በኋላ በ18ኛው መቶ ዓመት «የወይን» የሚለው ቅጽል እየተተወ «አልኮል» ብቻውን ቆመ፤ የዱቄቱ ትርጉምም ተረሳ።

የሰንዳፋ ልጅ

መምህር፣ ይህ የ1657ቱ አተረጓጎም እናቴ አረቄ ስታወጣ ከምታደርገው ጋር ምንም አይለያይም። እናቴ ለረጅም ዘመን አረቄ እያወጣች ነው ያሳደገችን፤ ስለዚህ ከቅርብ ያየሁትን ልጻፍ።

ድፍድፉ ከብቅልና ከጌሾ ተዘጋጅቶ በሚገባ ከበሰለ በኋላ ወደ ማሰሮው ይገለበጣል። ማሰሮው ምድጃ ላይ ተቀምጦ አፉ ይከደንና እንፋሎት እንዳያመልጥ ዙሪያው በእበትና በጭቃ ይለሰናል። ከክዳኑ የወጣው መቃ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተነከረው መቀበያ ይገባል። የእናቴ ጭንቀት ሁሉ እሳቱ ላይ ነበር፤ ከበረታ ድፍድፉ ገንፍሎ በመቃው ይሄድና አረቄውን ያደፈርሰዋል፤ ከደከመ ደግሞ ጠብታው ይቆማል። የመቀበያው ውሃ ሲሞቅ መለወጥ የእኔ ሥራ ነበር። መጀመሪያ የሚወርደው ብርቱ ነው፤ እየቆየ ሲሄድ ይቀጥናል። የወጣው ሁሉ ተሰብስቦ ዳግመኛ በዚያው መንገድ ሲወጣ «ዳግም» ይባላል፤ ዋጋውም ከተራው ይበልጣል። ገዢዎች ከርቀት ሲመጡ ጥቂት በሲኒ ማስቀመጫ ላይ አፍስሰው ክብሪት ይጭሩበታል፤ ሰማያዊ ነበልባል ካሳየና የተረፈው እርጥበት ጥቂት ከሆነ ይስማማሉ።

«አረቄ» የሚለው ቃልም ዓረብኛ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነውን?

የቃላት ወዳጅ፣ ከሱሉልታ

እውነት ነው፤ «ዐረቅ» በዓረብኛ ላብ ማለት ነው። የሰንዳፋው ወንድማችን የገለጹትን መቃና መቀበያ ያየ ሰው ስሙ ከየት እንደ መጣ አያጠራጥረውም፤ እንፋሎቱ በቀዝቃዛው ዕቃ ግድግዳ ላይ እንደ ላብ ጠብ ጠብ ይላልና። ጠላና ጠጅ ግን የሚጠመቁና የሚጣሉ እንጂ በእሳት የሚወጡ ስላልሆኑ ይህ ስም አይደርሳቸውም። በእኛ ዙሪያ በኦሮምኛ ጠላው «ፈርሶ»፣ ጠጁ «ዳዲ» የየራሳቸው ስም ሲኖራቸው አረቄው በሁለቱም ቋንቋ አንድ መሆኑ ነገሩ ከነስሙ ከውጭ እንደ ገባ ያመለክታል። «ሜስ» የሚለው የግእዝ ስም ደግሞ ለጠጅ ነው፤ ትግርኛ እስከ ዛሬ ይጠቀምበታል።

አንባቢ፣ ከኮተቤ

በመካከል ስለ ገባሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። «ሰከረ» የሚለው ግሣችን ከ«ስኳር» ጋር ይዛመዳልን? መጠጥ ሁሉ ከስኳር ነው የሚገኘው ሲሉ ሰምቼ ነው።

የቃላት ወዳጅ፣ ከሱሉልታ

አይዛመዱም። ስኳር ምንጩ የሕንዱ ሳንስክሪት ነው። «ሰክረ» ግን የሴም ቋንቋዎች የጋራ ንብረት ነው፤ ዕብራይስጡ «ሼካር» ይላል፣ በመጽሐፍ ቅዱስ «የሚያሰክር መጠጥ» የተባለውም እርሱ ነው። ይህ ቃል በግሪክና በላቲን አልፎ ፈረንሳይ ሲደርስ የፖም መጠጥ ስም ሆነ፤ እንግሊዝኛው «ሳይደር» ከዚያ የመጣ ነው። በሳይንሱ በኩል የሰሙት ግን ልክ ነው፤ እርሾ ስኳሩን በልቶ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። የብቅል ጥቅም የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር መለወጥ ነው።

ጠያቂ፣ ከቱሉ ዲምቱ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለኮሚቴው ይህን ክር አሳይቼ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንዲወጣ ተስማምተናል። አንደኛው ልጅ ብቻ «ሕዝቡን የሚያስደነግጠው እርሱ ነበር፤ አሁን ምን ቀረን?» ብሎ አዘነ። እኔም በጉበት፣ በቤት ወጪና በመኪና አደጋ የሚደርሰው እውነተኛ ጉዳት ከማናቸውም የቃል ፍቺ እንደሚያስደነግጥ ነገርሁት። ሁለተኛው ጥያቄዬ፣ የፋርማሲውና የመጠጥ ቤቱ አልኮል በስም አንድ የመሆኑ ነገር፣ ገና ይቀረኛል።

መምህር፣ ከገላን

ያም የቃሉ የመጨረሻው ጉዞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1834 ዱማና ፔሊጎ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ኬሚስቶች እንጨት ያለ አየር ሲሞቅ የሚወጣውን ፈሳሽ መረመሩና በአሠራሩ ከወይኑ አልኮል ጋር ዘመድ ሆኖ አገኙት። ሜቲሊን የሚለውን ስም ያወጡት እነርሱ ናቸው፤ «ሜቲ» ወይን፣ «ሂሌ» እንጨት ከሚሉት የግሪክ ቃላት አጣምረው ነው። ከዚያ ወዲህ «አልኮል» የአንድ ፈሳሽ ስም መሆኑ ቀርቶ የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ስም ሆነ። የዚህ ቤተሰብ አባላት ሁሉ ከካርቦን ጋር የተያያዘ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥማድ በሞለኪዩላቸው ውስጥ አላቸው። የወይኑ ኤታኖል ይባላል፤ የእንጨቱ ሜታኖል ይባላል። ከቃሉ መጨረሻ የተቆረጠው «ኦል» የተባለው ድምፅ የቤተሰቡ መለያ ስለ ሆነ ግሊሴሮልም፣ ሜንቶልም፣ ሐኪሞች በደማችን የሚለኩት ኮሌስትሮልም ይህን ጅራት ይዘዋል፤ ኮሌስትሮል በኬሚስት ዓይን አልኮል ነው። ኩልን ያህል የዓይን ጌጥ ስሙ ተከፋፍሎ እስከ ደም ምርመራ ወረቀት ድረስ መድረሱ ተማሪዎቼን ሁልጊዜ ያስገርማቸዋል።

በእኛ አገር ቤንዚን ውስጥ የተቀላቀለውም ያው ኤታኖል ነው። በፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከስኳሩ ከሚተርፈው ሞላሰስ ተጠምቆና በእሳት ወጥቶ፣ ውሃው ተለይቶለት የሚገኝ ነው። ውሃውን መለየት ቀላል አይደለም። ኤታኖል በ78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ቢፈላም ከውሃ ጋር በደንብ ስለሚተቃቀፍ የቱንም ያህል ደጋግመው ቢያወጡት በክብደት ከ96 በመቶ አካባቢ አያልፍም፤ ከዚያ በላይ ለማጥራት ሌላ ዘዴ ይፈልጋል። የሰንዳፋው ወንድሜ እናት ዳግሙን ሦስተኛና አራተኛ ጊዜ ቢያወጡት እንኳ ከዚህ ጣሪያ አያልፉም።

ፋርማሲስቷ፣ ከሰበታ

መምህር ባሉት ላይ ለጤና የሚጠቅም ጥቂት ነገር ልጨምር፤ ስም አንድ መሆኑ ሰው የሚገድልበት ጊዜ አለና።

ለቁስልና ለመርፌ የምንሸጠው ብዙውን ጊዜ 70 በመቶ ኤታኖል ነው። ደንበኞች ጠንካራውን ስጡን ይሉናል፤ ነገር ግን 96 በመቶው ከ70 በመቶው ይልቅ ጀርም በመግደል ደካማ ነው። የጀርሙን ፕሮቲን ለማበላሸት ውሃ ያስፈልጋል፤ ውሃ የሌለበት ደግሞ ሥራውን ሳይጨርስ ይተንናል። በኮቪድ ዘመን የዓለም ጤና ድርጅት ለእጅ ማጽጃ ያወጣው ቀመር ኤታኖሉን 80 በመቶ ያደረገው ከዚሁ ስሌት ጋር ይሄዳል። ለማጽጃ የሚሸጠው አልኮል እንዳይጠጣ መራራ ወይም መርዛማ ነገር ሊጨመርበት ይችላልና «ያው አልኮል ነው» ብሎ መቅመስ አደጋ ነው።

ሜታኖል የባሰ ነው። ከኤታኖል በመልክም፣ በሽታም፣ በጣዕምም ለመለየት ያስቸግራል። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ጉበት ወደ ፎርማልዴሃይድ ቀጥሎም ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለውጠዋል፤ ይህ አሲድ የዓይን ነርቭ ያጠፋል፤ መጠኑ ሲበዛም ይገድላል። የክብሪቱ ፈተና ስለ ብርታት ጥቂት ይናገር እንደ ሆነ እንጂ ስለ ሜታኖል ምንም አይናገርም፤ ሜታኖልም ራሱ ይነዳልና። ምንጩ ያልታወቀ መጠጥ ጠጥቶ ከሰዓታት በኋላ ዓይኑ የሚጨልምበት፣ ሆዱን የሚቆርጠውና ትንፋሹ የሚፈጥንበት ሰው ካለ ተኝቶ ይወጣለታል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ሳትዘገዩ ሐኪም ቤት አድርሱት፤ በጊዜ ከደረሰ መድኃኒት አለው።

ስለ ኩሉም ልናገር። ከእርሳስ ማዕድን የሚሠራ ኩል ዛሬም በየገበያው ይገኛል። እርሳስ ለሕፃናት አንጎል መርዝ ነው፤ ሕፃኑ ዓይኑን አሽቶ ጣቱን ይጠባልና በዚያ ይገባል። ለጨቅላ ሕፃን ዓይን ኩል መኳል እንዲቀር በትሕትና እመክራለሁ።

የሰንዳፋ ልጅ

እህቴ፣ ስለ ክብሪቱ የጻፍሽውን ለእናቴ አንብቤላታለሁ። እርሷ ከማታውቀው ቤት የመጣ አረቄ ደባልቃ እንደማትሸጥ ነግራኛለች፤ ነገር ግን ዛሬ ከፋብሪካ ወጣ የተባለ አልኮል በጀሪካን ገዝተው ውሃ ጨምረው አረቄ ነው ብለው የሚሸጡ እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። የሚያስፈራው እርሱ ነው።

ፋርማሲስቷ፣ ከሰበታ

ትክክል ነው። በጀሪካኑ ውስጥ ያለው የትኛው የቤተሰቡ አባል እንደ ሆነ ሻጩም ገዢውም የሚያውቁበት መንገድ የላቸውም፤ በላዩ «አልኮል» ተብሎ መጻፉ ብቻ ምንም አያረጋግጥም።

እናት፣ ከለገጣፎ

ውይይቱን ከመጀመሪያው ጀምሬ ተከታትዬ አንድ ነገር ግር አለኝ። ለልጄ ደረቅ ቆዳ የገዛሁት ቅባት በፊቱ በኩል «አልኮል የለበትም» ይላል፤ በጀርባው ግን ከዝርዝሩ መካከል «ሴቲል አልኮል» የሚል ተጽፏል። አታልለውኝ ይሆን? ጎረቤቴም ሙስሊም ስለ ሆነች ይህን አይታ መቀባት ትታለች።

ፋርማሲስቷ፣ ከሰበታ

እህቴ፣ አላታለሉዎትም። ሴቲል አልኮል ነጭ፣ ሰም የሚመስል ጠጣር ነገር ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሼቭረል እ.ኤ.አ. በ1817 ያገኘው ከዓሣ ነባሪ ራስ ከሚወጣ ሰም ነበር፤ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ ከዘንባባ ዘይት ይዘጋጃል። መምህር የገለጹት የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥማድ ስላለው ብቻ በቤተሰቡ ስም ተጠራ፤ አያሰክርም፣ ቆዳ አያደርቅም፤ እንዲያውም ያለሰልሳል። ስቴሪል አልኮልም እንደዚሁ ነው። በመኳኳያ ዝርዝር ላይ «አልኮል» የሚለው ቃል ምንም ቅጽል ሳይጨመርበት ብቻውን ከተጻፈ፣ ወይም «አልኮል ዲናት» ከተባለ፣ ያኔ ኤታኖል ነው፤ ደረቅ ቆዳ ያለው ልጅ እርሱ በዝርዝሩ መጀመሪያ አካባቢ ከተጻፈበት ቅባት ቢርቅ ይሻለዋል። «ቤንዚል አልኮል» ደግሞ ቅባቱ እንዳይበላሽ በጥቂቱ የሚጨመር ነው፤ አልፎ አልፎ ቆዳ የሚያሳክካቸው ሰዎች አሉ። የጎረቤትዎን ጥያቄ በሃይማኖት በኩል የሚፈቱት ዑለማዎች ናቸው፤ እነርሱ ሲጠየቁ ግን ዕቃው ኤታኖል እንዳልሆነና ሰም መሆኑ ይነገራቸው።

ነዋሪ፣ ከቡራዩ

የለገጣፎዋ እህታችን ጎረቤት ከፈቀዱ፣ እኛ ሰፈር መስጂድ ያሉትን ሼኽ ከጁምዓ ሶላት በኋላ እጠይቅላቸዋለሁ። የቅባቱን የጀርባ ጽሑፍ በግልጽ አንሥተው እዚሁ ቢለጥፉልኝ ጥሩ ነው።